ዱካ ማጥፋት ወንጀል ነውን?



የሂጅራን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ አይኖርም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአቡበክር (ረ.ዐ.) ጋር ከመካ ሲወጡ በሠውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ተሸሽገው እንደ ቆዩ ልጆቻችን ሳይቀሩ ይተርኩታል። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ሳናስተውላት እናልፋለን። የአቡበክር ልጅ ዐብደላህ ቀን ከቁረይሾች መሐል እየዋለ፣ የዶለቱትን ሰምቶ ሌሊት ለዋሻው ያደርስ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ሲመለስ፣ አቡበክር ከባርነት ነጻ ያወጡት ዓሚር ኢብን ፉሀይራ በጎቹን በዚያው መንገድ ከኋላው ይነዳል። የበጎቹ ኮቴ የዐብደላህን ዱካ ያጠፋዋል። ፈላጊዎቹም ማን ወደ ማን እንደ ሄደ ከመሬቱ ላይ ማንበብ ይሳናቸዋል።

ስለዚያው ስደት አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ቁረይሾች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመግደል እየዶለቱ ሳለ፣ ንብረታቸውን በአደራ ያስቀመጡት እርሳቸው ዘንድ ነበር። ዐሊይን (ረ.ዐ.) መካ ላይ ያስቀሩትም ይህን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዱካቸውን አጠፉ፣ የሰው ሐቅ ግን አላጠፉም። ዛሬ ስለምናነሣው ጉዳይ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

ጉዳዩ በኢንተርኔት ላይ ማንነትን ሰውሮ ስለ መጓዝና ብዙዎች ‹‹ዳርክ ዌብ›› ወይም ‹‹ጨለማው መረብ›› እያሉ ስለሚፈሩት ነገር ነው። ጽሑፉ ሂስ ነው። ሂሱም የሚያርፈው በሦስት ወገኖች ላይ ነው፤ በእኛ በወላጆች፣ በመንግሥት እና በወጣቶቻችን ላይ።

የመካነ ሰላሙ አባት

ይህን እንድጽፍ ምክንያት የሆኑኝ በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ከተማ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ከአባይ በረሃ በላይ ባለው በዚያ ደጋ፣ ከዓረብ አገር የሚመጣ ድምፅ የማይጠብቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። የእኒህም አባት ሴት ልጅ ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች። በቀጥታ መደወል ስለማይመቻት፣ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ድምፅዋን ቀድታ በሜሴንጀር ትልካለች። ታናሽ ወንድሟ ስልኩን ከፍቶ ለቤተሰቡ ያሰማል።

የካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በተነሣው ውዝግብ ሳቢያ ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተዘጉ። ልጁ እንደ ብዙ እኩዮቹ ቪፒኤን የሚባለውን ፕሮግራም ስልኩ ላይ ጫነና የእኅቱን ድምፅ መክፈቱን ቀጠለ። ይሁንና አንድ ጎረቤት በስልኩ ላይ የቁልፍ ምልክት አይቶ ለአባትየው፣ ‹‹ይህ እኮ የጨለማው ኢንተርኔት መክፈቻ ነው፤ መሣሪያና ሐሺሽ የሚሸጥበት፣ ሰው የሚገደልበት ገበያ›› አላቸው። አባትየው ደነገጡ። የልጃቸው ዲን የሚጠፋ መሰላቸውና እዚያው ቆመው አስጠፉት።

ረመዳን ገባ፣ ወጣ፤ ዒድም አለፈ፤ የልጅቱ ድምፅ አልተሰማም። ሐምሌ ላይ እገዳው ሲነሣ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ በአንድ ቀን ተከፈተ። ልጅቱ በረመዳን ታማ ኖሯል። ‹‹አባዬ፣ ዱዓ አድርጉልኝ›› እያለች አምስት ጊዜ ልካለች። አልሐምዱ ሊላህ፣ ድናለች። አባትየው ግን ያንን ድምፅ ከሦስት ወር በኋላ ሲሰሙ የተሰማቸውን ለመናገር ይከብዳል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከነጭራሹ ተቋረጠ፤ ይህም ለብዙ ወራት ዘለቀ።

‹‹ልጄ፣›› አሉኝ ከጁሙዓ ሰላት ስንወጣ፣ ‹‹እኔ ወንጀል የሸሸሁ መስሎኝ ነበር። ለመሆኑ ይህ ነገር ወንጀል ነው ወይስ አይደለም?››

በእኛ በሙስሊሞች አማርኛ ‹‹ወንጀል›› ሁለት ትርጉም አለው። አላህ ዘንድ የሚያስጠይቀውን ኃጢአትም ወንጀል እንላለን፤ ዳኛ ፊት የሚያስቆመውንም ወንጀል እንላለን። የአባታችን ጥያቄ ሁለቱንም የያዘ ነው። ለመመለስ ግን አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳያውቁ መፍረድ ከዲናችንም ከአእምሮም አይደለምና።

ሦስቱ መልእክተኞች

ኢንተርኔት ስንከፍት የምንጎበኘው ገጽ አድራሻችንን ያያል፤ መሥመሩን የሚሰጠን የቴሌኮም ድርጅትም ወዴት እንደ ሄድን ያያል። ይህን ለመሸፈን የተሠራው ታዋቂ መሣሪያ ቶር ይባላል። አሠራሩን በምሳሌ እንየው።

ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ ላለ ሰው ደብዳቤ መላክ ፈለግን እንበል። ደብዳቤውን በሦስት ፖስታ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ አሸግነው። የመጀመሪያው መልእክተኛ ከእጃችን ተቀብሎ አቀስታ ያደርሳል። ላኪዎቹ እኛ መሆናችንን ያውቃል፤ ከላይኛው ፖስታ ላይ የሚያነበው ግን የሁለተኛውን መልእክተኛ ስም ብቻ ነው። ሁለተኛው አንዱን ፖስታ ቀድዶ ደሴ ላለው ሦስተኛ ሰው ያደርሳል፤ እርሱ መነሻውንም መድረሻውንም አያውቅም። ሦስተኛው የመጨረሻውን ፖስታ ቀድዶ ለአዲስ አበባው ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩን ያውቃል፣ ላኪውን ግን አያውቅም። ቶር እንዲሁ ነው። ፖስታው ምስጢራዊ ኮድ ነው፤ መልእክተኞቹ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚያቆሟቸው ኮምፒዩተሮች ናቸው። ፈጣሪዎቹ አንዱ ልጣጭ በአንዱ ላይ ከሚደራረበው ሽንኩርት ጋር አመሳስለውት ስሙንም ከዚያው አወጡለት።

መሣሪያው የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። በ2002 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ2006 ደግሞ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመለት። የባሕር ኃይል የሠራውን ስለ ምን ለሁሉም ሰጠ ቢሉ፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወታደሮች ብቻ ቢጠቀሙበት፣ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ወታደር መሆኑ ይታወቅ ነበር። ዱካ የሚጠፋው በአንድ በግ ሳይሆን በመንጋ ነው።

ቪፒኤን ከዚህ ይለያል። መልእክተኛው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ላኪውንም ተቀባዩንም ያውቃል። ከአንዱ ዓይን ሸሽተን በሌላው ዓይን ሥር ገባን ማለት ነው። ስለዚህ በነጻ የሚታደል ባለቤቱ የማይታወቅ ቪፒኤን፣ ቴሌ የማያየውን የእኛን ጉዳይ አይቶ ለማስታወቂያ ነጋዴ ሊሸጥ ይችላል።

‹‹ጨለማው መረብ›› የሚባለው እንግዲህ በቶርና በመሰል መሣሪያዎች ብቻ የሚከፈቱ ገጾች ስብስብ ነው። የጎረቤትየው ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ የጫነው ቪፒኤን ወደዚያ የሚያስገባ በር እንኳ አልነበረም። ገጾቹም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፌስቡክ በ2014፣ ቢቢሲ በ2019 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎታቸው በሚታገድባቸው አገሮች ያሉ ሰዎች እንዲያገኟቸው በዚያ አድራሻ ከፍተዋል። ጋዜጠኞች ምስጢር የሚነግሯቸውን ሰዎች የሚቀበሉበት ሣጥንም እዚያ አለ።

የክፋቱን ገበያ ግን አልክድም፤ አለ። ሲልክ ሮድ የተባለው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ድረስ አደንዛዥ ዕፅ በስውር ሲያሻሽጥ የኖረ ነው። ሕፃናትን የሚያዋርድ ምስል የሚለዋወጡ፣ የተሰረቀ የባንክ ካርድ የሚቸረችሩ፣ ሐሰተኛ ፓስፖርት እንሸጣለን ብለው ገንዘብ በልተው የሚጠፉ ሞልተዋል። ይሁንና የሲልክ ሮድ ባለቤት ሮስ ኡልብሪክት እንዴት እንደ ተያዘ ማወቅ ይጠቅማል። ቶርን ማንም አልሰበረበትም። ገበያውን ሲጀምር በግልጹ ኢንተርኔት ላይ ያሰፈረው ማስታወቂያና በስሙ የተመዘገበ የኢሜይል አድራሻ መርማሪዎችን ወደ እርሱ መራቸው፤ ጥቅምት 2013 (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላፕቶፑ ክፍት እንደ ሆነ ተያዘ። በ2015 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በጥር 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ምሕረት እስኪያደርጉለት ድረስም ታስሮ ቆየ። ‹‹ማንም አያየኝም›› ያለ ሰው መጨረሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

የተሸፈነ ሁሉ ነውር ነውን?

የመጀመሪያው ሂስ በእኛ በወላጆችና በዲን መምህራን ላይ ነው። ‹‹ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?›› የምትል አነጋገር አፋችን ላይ ገብታለች። መነሻዋ ግን ከዲናችን አይደለችም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬና ከሐሜት ጋር አያይዞ የሰውን ነውር መሰለልን ከልክሏል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በአንድ ሌሊት ሰው ቤት በአጥር ዘልለው ገብተው ባለቤቱን በጥፋት ላይ እንዳገኙት ይተረካል። ሰውየውም፣ እኔ አንድ አጠፋሁ፣ አንተ ግን ሦስት፤ ሰለልክ፣ በበሩ አልገባህም፣ አላስፈቀድክም አላቸው። ዑመርም ትተውት ሄዱ። ያን ያህል የተፈሩ መሪ አጥር አክብረው ከተመለሱ፣ የልጃችንን ስልክ በተኛበት የምንበረብር እኛ ከማን ተማርነው?

መሸፈን ከመጥፎም አልፎ የሚመሰገንበት ቦታ አለ። ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው እስከማታውቅ ድረስ ሶደቃውን የሚሰውር ሰው፣ በቂያማ ቀን አላህ ከሚያስጠልላቸው ሰባት ሰዎች አንዱ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። የነብዩ የልጅ ልጅ ልጅ ዘይነል ዓቢዲን በመዲና ሌሊት ሌሊት ስንቅ ተሸክመው ለድኾች በር ላይ ያስቀምጡ ነበር። ድኾቹ ማን እንደሚመግባቸው ያወቁት እርሳቸው ሞተው ስንቁ ሲቋረጥ ነው። ጨለማው ለእርሳቸው የኢኽላስ መጋረጃ ሆነላቸው።

ወሎዬ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ይገባዋል። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ባካሄዱት ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ። እነ ሼኽ ጦልሓ በግልጽ ተቃወሙ። አቅም ያጣው ሕዝብ ግን ‹‹ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም›› እስኪባል ድረስ ዲኑን በቤቱ ሸሽጎ ለልጅ ልጁ አደረሰ። እኛ ዛሬ ሰላታችንን በግልጽ የምንሰግደው ያኔ በር ዘግተው በሰገዱት ነው። ያንን መሸሸግ ንፍቅና ያለው አላየሁም። ታዲያ ያን ታሪክ በኩራት እየተረክን፣ ልጃችን የግል ጉዳዩን በምስጢር ቁልፍ ሲዘጋ ወንጀለኛ የሚመስለን ለምንድን ነው?

ዱካችንን የቆጠሩት

ሁለተኛው ሂስ ወደ መንግሥት ነው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር በኢትዮጵያ መሥራት አቆመ። ባለቤቱ ድርጅት መርምሮ እንደ ገለጸው፣ በመሥመሩ የሚያልፈውን እያንዳንዱን እሽግ ከፍቶ ቅርጹን በሚለይ ቴክኖሎጂ ታግዷል። በጊዜው አገሪቱ ኢትዮ ቴሌኮም የሚባል አንድ በር ብቻ ነበራት። በዚያው ዓመት የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወጣ።

ያ ዓመት ለእኛ ለሙስሊሞች ምን ዓመት እንደ ነበር ማን ይረሳል? ‹‹ድምፃችን ይሰማ›› ያልንበት ነው። በሐምሌ 2004 የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ታሰሩ። ‹‹የሙስሊሞች ጉዳይ›› የተባለው መጽሔት ዋና አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም ታሰረ። ሐምሌ 2007 ላይ በአሥራ ስምንት ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ፤ አቡበክር አሕመድ፣ አሕመዲን ጀበል፣ ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱ ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት በየካቲት 2010 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስልክ አንስቶ ‹‹ጁሙዓ የት እንስገድ?›› ለማለት ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 2006 ዞን ዘጠኝ የተባሉት ስድስት ጸሐፊዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲያዙ፣ በቀረበባቸው የሽብር ክስ ውስጥ ‹‹ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ›› በተባለ የኢንተርኔት ደኅንነት ማስተማሪያ መሠልጠናቸው ተጠቅሶ ነበር። በሩን መቆለፍ የተማረ ሰው ሌባ ተባለ ማለት ነው። ከፊሎቹ ሐምሌ 2007 ላይ ክሳቸው ተቋርጦ ሲፈቱ፣ ሌሎቹ ጥቅምት 2008 ላይ ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ባወጣቸው ጥናቶች፣ ፊንፊሸርና ሃኪንግ ቲም የተባሉ ኩባንያዎች ይሸጡት የነበረው የስለላ ፕሮግራም በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ላይ መዋሉን አሳይቷል። የሚላከው ተራ ፋይል ወይም ፎቶ መስሎ ነው። ሲከፈት ሰላዩ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ቶርም ቪፒኤንም አይጠቅምም፤ ደብዳቤው ፖስታ ውስጥ ሳይገባ ገና ከብዕሩ ሥር ይነበባልና።

መንግሥት ወንጀለኛን አያሳድ ማለቴ አይደለም። ሕፃን የሚያዋርድን፣ የሰው ገንዘብ የሚሰርቅን ማሳደድ ግዴታው ነው፤ እኛም ልንተባበረው ይገባል። ነገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ ደብዳቤውንና የስልክ ግንኙነቱን ጠብቆለታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጇል። ጥፋት ሲኖር ጥፋቱን በማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መጋረጃን ራሱን ማስረጃ ማድረግ ግን ከሕጉም ከፍትሕም ይርቃል። የአንድ ክልልን ሕዝብ በሙሉ ለወራት ከመሥመር ማውጣት ደግሞ፣ ጥፋተኛውን ለመያዝ ተብሎ የልጅቱን የሕመም ድምፅ ከአባቷ ጆሮ መንጠቅ ነው።

ጭንብል ለባሾቹ

ሦስተኛው ሂስ ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቻችን ነው። ይህንንም በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

እስከ አሁን ያልኩት ያስደሰታችሁ ትኖራላችሁ። ይሁንና ጨለማውን በቶር ውስጥ ብቻ አትፈልጉት፤ በጠራራ ፀሐይ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አለላችሁ። ስሙን ለውጦ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ለጥፎ፣ ሰባ ዓመት ያቀሩ ሼኽን ‹‹ሙሽሪክ›› የሚል ደረሳ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ በሐሰት ስም ተሸፍኖ የሱና ወንድሙን በውሸት የሚከስ አለ። መውሊድ ይወጣ አይወጣ በሚል ክርክር ስንት ወንድማማቾች በጭንብል ተሰዳደቡ? በጎረቤት ሆነው ሠርግና ለቅሶ የሚካፈሉ የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች፣ ማታ ስም ቀይረው አንዱ የሌላውን ሃይማኖት ሲያንቋሽሹ ያድራሉ። ይህ ሐሜት ነው፤ ይህ ቡህታን ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሰወረው ዱካውን ሳይሆን የወንድሙን ሐቅ ነው። ዓሚር ኢብን ፉሀይራ በጎቹን የነዳው የተሳዳጅን ነፍስ ለማዳን እንጂ የሰውን ክብር ለመብላት አልነበረም።

ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ በቂያማ ቀን እንደ ቲሃማ ተራሮች የገዘፈ መልካም ሥራ ይዘው መጥተው፣ አላህ ሥራቸውን እንደ ብናኝ ስለሚበትንባቸው ሰዎች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ወንድሞቻችን ናቸው፤ ሌሊት ይሰግዳሉ፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን የአላህን ድንበር ይደፍራሉ። ይህ ሐዲስ ስለ ዘመናችን ስልክ የተነገረ አይመስላችሁምን? ከቴሌ የሚሰውር መሣሪያ ተሠርቷል፤ በግራና በቀኝ ከተቀመጡት መላእክት የሚሰውር ግን አልተሠራም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። ከላይ የጠራኋቸው አዋጆች ቶርን ወይም ቪፒኤንን በስም ጠርተው ወንጀል አላደረጉም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው ድርጊቱን ነው፤ ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትን፣ የሰውን መልእክት መጥለፍን፣ ማጭበርበርን፣ የሰውን ማንነት መስረቅን፣ ሕፃናትን የሚያዋርድ ምስል መያዝና ማሰራጨትን፣ በኮምፒዩተር ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን። ይኸው አዋጅ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በጭንብል የሚሳደበውን ይመለከታል። በተሸፈነ ስም የተሠራ ወንጀል ያው ወንጀል ነው። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ተጨማሪ ክልከላ ሊመጣ ስለሚችል፣ በየጊዜው የወጣውን መመሪያ መጠየቅ ከብዙ ችግር ያድናል።

ሕግ በአገር እንደሚለያይም አንርሳ። ይህ በተለይ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ላሉ ቤተሰቦች ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በዋትስአፕና በመሰሎቹ በድምፅ መደወል የታገደ ነው፤ መልእክትና የተቀዳ ድምፅ ግን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕጋቸው፣ አድራሻውን ሰውሮ ወንጀል የሠራን ወይም እንዳይደረስበት ያደረገን ሰው በእስራትና ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም በሚደርስ ቅጣት ይቀጣል። ስለዚህ ዱባይ ያለችውን ልጃችንን ‹‹ቪፒኤን ጭነሽ ደውይልን›› ብለን አንገፋፋት። የወንድሟ ስልክ ላይ ቀላል የሆነው ነገር እርሷን ከሥራዋም ከነጻነቷም ሊያስወጣት ይችላል። ሳዑዲ ዐረቢያ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት መደወልን ፈቅዳለች።

መጠቀም የሚያስፈልገው ሰው ቶርን ከቶር ፕሮጀክት ገጽ ብቻ ያውርድ፤ በቴሌግራም ከሚዘዋወር ፋይል አይጫን። ቶር ላይ ሆኖ በስሙ ወደሚታወቅ ፌስቡክ የሚገባ ሰው ጭንብል ለብሶ ስሙን እንደሚጣራ ሰው ነው፤ የሚጎበኘው ገጽ ያውቀዋል። የማያውቀው ሰው የላከውን ፋይል ወይም ማስፈንጠሪያ አይክፈት። የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥሩን በማያውቀው ቪፒኤን ውስጥ አያስገባ። ‹‹ቪዛ እንሸጣለን፣ ገንዘብ እናበዛለን›› ከሚል ስውር ገጽ ይሽሽ፤ ሻጩ የማይታይበት ገበያ ላይ ከሳሽም ዳኛም የለም። ቶር መጠቀማችንን ራሱን ቴሌ ሊያይ እንደሚችል እንወቅ፤ የሚሰወረው የምንሄድበት ነው። መሥመሩ ከምንጩ ሲቋረጥ ደግሞ የትኛውም መሣሪያ አይረዳም። ለጉጉት ብቻ ወደ ጨለማው ገበያ መግባት፣ ‹‹እስቲ መጠጥ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ልይ›› እንደ ማለት ነው። አንዳንዱን ምስል ማየትና መያዝ በአላህም በሕግም ዘንድ ያስጠይቃል፤ ልብም የገባባትን በቀላሉ አታወጣም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ስልኩ ላይ ቁልፍ ስታዩ፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ጠይቁት። ‹‹ይህ ምንድን ነው? ከማን ትሸሸግበታለህ? በርሱስ ምን ታደርጋለህ?›› በሉት። እውነቱን የሚነግረን ልጅ የምናገኘው፣ እውነት ሲነግረን ያልጮኽንበት እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ለመካነ ሰላሙ አባት የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው። ‹‹አባቴ፣ ልጅዎ የእኅቱን ድምፅ ለመስማት ዱካውን ቢያጠፋ፣ የማንን ሐቅ ነካ? የማንንም። በዚያው መሣሪያ ሰው ቢሰድብ ወይም ሐራም ቢያይ ግን ወንጀሉ የርሱ ነው፤ መሣሪያው አያስጥለውም›› አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ ‹‹እኔ ደግሞ የልጄን ሐቅ ነካሁ፤ ሳልጠይቅ ፈረድኩበት›› አሉ። ያን ዕለት ማታ ልጃቸውን ጠርተው ዐውፍ እንዳሉት በኋላ ነገሩኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) ነውራችንን ይሸፍንልን። የሸፈነልንን ደግሞ በገዛ እጃችን የምንገልጥ አያድርገን። ከቤተሰባቸው ርቀው ያሉትን እኅቶቻችንን በሰላም ይመልስልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።